በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ

በደርግ ጊዜ ጎረቤላ ላይ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። አንድ የክረምት ጠዋት፣ ከአሊዩ አምባ ዳገቱን በእግሯ የወጣች አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ገባች። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በተቅማጥ ደርቋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ግሉኮስ አልቆብናል፤ የደብረ ብርሃኑን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። የቀረን በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ብቻ ነበር፤ እሱም በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው የሚሰጠው። «ይሄ ልጅ እጄ ላይ አይሞትም» አልኩ፣ ለማን እንዳልኩ እንጃ።

እሷ አቅፋው እኔ ማጠጣት ጀመርኩ። ልጁ አፉን ይገጥማል። አባብለነው እስኪውጥ ጊዜው ይሄዳል፤ ከዋጠ በኋላ ሰዓቴን አይቼ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ረፋዱ ላይ ብርጭቆውን ሳየው እምብዛም አልጎደለም። ደሜ ፈላ! ለካ የምቆጥረው ከዋጠ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ ደቂቃ አራት እየሆነ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ቶሎ ዋጠም ዘገየም፣ ሰዓቱ ከደረሰ ማንኪያው ይነሳል አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ አስታወከ። ጥቂት አሳረፍነው።

«እታለም፣ ያመለጠውን ደርበን እንስጠው እንጂ» አለች እናቱ።

«ያመለጠው አመለጠ! ከደረብንበት መልሶ ያስታውከዋል። እንደ በፊቱ አንድ አንድ!» ብዬ ጮኽኩባት። አንጀቴን በላችው፤ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው መጥቶ በር ላይ ቆመ። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ለስብሰባ ይፈለጋል።

«አልመጣም» አልኩት።

«ጓድ፣ መቅረት ያስጠይቃል።»

«ይጠይቁኝ» አልኩ፣ ዓይኔን ከሰዓቱ ሳልነቅል። ፈርቻለሁ፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን አለ? እሱ እያየኝ ማንኪያውን አነሳሁ። ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቱን ላሳርፋት ልጁን ተቀብዬ አቀፍኩት። ወዲያው ጭኔ ላይ ሞቀኝ።

«ውይ፣ አፉ በይኝ እታለም!» ብላ በሻሿ ልትጠርገኝ ተነሳች።

«ተይው! ሸና እኮ! ውሃው ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል፣ ተረፈልሽ!» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሰዓቱንም ሁሉንም ረሳሁት። ያን ጊዜ እሷ ቀና ብላ ክንዴን ያዘችኝና በተራዋ ጮኸችብኝ።

«ማንኪያው እታለም! ደርሷል!»