የዓሣ በረዶና የበግ ሳንባ

ባሕር ዳር፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ዶክተር ሰላም ከቄራ የመጡ ሁለት የበግ ሳንባዎች አሳየችኝ። አንዱ በነባሩ ማቆያ ፈሳሽ ታጥቧል፣ ሌላው በአዲሱ። «ጋሽ አያሌው፣ የእርስዎ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ሆነው ግን እንዳይጠብቁኝ» አለች።

ውሌ ጊዜያዊ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ ሌላ ማን ይቀጥረኛል?

ስለ ነጭ የደም ሴል የነገረችኝ እሷ ነች። የሰውነት ዘበኛ ነው አለች። ለተከላ የወጣ ሳንባ ቀዝቅዞ ቆይቶ ደም ሲመለስበት ግን ዘበኞቹ ይቆጣሉ፤ ከደም ሥሩ ግድግዳ ተጣብቀው ያንኑ ሳንባ ይጎዱታል። የትኛው ፈሳሽ እንደሚያበርዳቸው ለማወቅ ደም በሳንባው ውስጥ እናሳልፋለን። ሲገቡም ሲወጡም በማይክሮስኮፕ ትቆጥራቸዋለች። የጎደሉት እዚያው ቀርተዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳንባው ያብጣል፣ ከቧንቧው ሮዝ አረፋ ይወጣል። አረፋውን ባየሁ ቁጥር የራሴን ደረት ይጨንቀኝ ነበር።

መብራት ጠፍቶ የበረዶ ማሽኑ የቆመ ቀን፣ አለቃችን አቶ ጌጡ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ሻጮች በረዶ እንዳመጣ ላከኝ። ከሻጮቹ አንዷ ዘምዘም ሣጥኔን ሞላችልኝ።

«የሳንባው አባት! ጨው ነስንሼበታለሁ፤ ዓሣዬን ድንጋይ ነው የሚያደርገው» አለች እየሳቀች።

ዓሣን ድንጋይ ያደረገ ሳንባን ምን ያደርገዋል?

ለአቶ ጌጡ ነገርሁት። «በረዶ በረዶ ነው» አለ። «አፍህን ያዝ። ውልህ በዚህ ወር ያልቃል አይደል?»

«ዶክተሯ ብታውቅስ ጌታዬ?»

«አንተ ካልነገርሃት ማን ይነግራታል?»

ሣጥኑን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ። ከዚያ ገብቼ ነገርኋት።

ቴርሞሜትሩን በረዶው ውስጥ ሰካችው፤ በጨው ምክንያት ከዜሮ በታች ወርዷል። ፊቷ ጠቆረ። «ሳንባዎቹ ቢያብጡ በውርጩ ይሁን በፈሳሹ በምን እለየዋለሁ? ነገ እኮ ይህን ፈሳሽ ሰው ሳንባ ውስጥ የሚጨምር ሐኪም ይኖራል።»

በረዶውን ደፋነው። ሌላ አላገኘንም። የዕለቱ ሳንባዎች ሞቁ፤ ሁለቱንም ጣልናቸው። አቶ ጌጡ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ውሌ አልታደሰም። ዶክተር ሰላም ተሟገተችልኝ፤ የሰማት የለም።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የቤተ ሙከራ ሠራተኞች የምለው ይህን ብቻ ነው። የሚያስፈራችሁን ነገር ሳንባው በረዶ ላይ ሳይቀመጥ ተናገሩ። ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። እኔን አስወጥቶኛል።