ማዞርን ይመለከታል

እትዬ መዝገብ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ከራሳቸው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ከደብዳቤ ጋር ኖረው፣ ቁጥር የማይሰጠው ነገር መኖሩን አያምኑም። አንድ ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ሊያወርዱ ቀና ሲሉ ክፍሉ ዞረባቸው። መሰላሉን ጨብጠው ቆዩ፤ ሲተዋቸው ወርደው አዲስ ፋይል ከፈቱ። ርዕሱ «ማዞርን ይመለከታል» ነበር።

ከዚያ ወዲያ በመጣባቸው ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ሲያደርጉ እንደያዛቸውና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይጽፋሉ። ወሬው ሲሰማ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ተላላኪው «ደም ማነስ ነው» አለ። ጸሐፊዋ «ግፊት ነው፤ አክስቴን እንዲሁ ነበር የሚያደርጋት» አለች። ዘበኛው ደግሞ «ቁርስ ሳይበሉ እየወጡ!» ብሎ ፈረደ። እትዬ መዝገብ ማንንም አልተከራከሩም፤ የሁሉንም ቃል አባሪ አድርገው አስገቡት። ነገሩ ምን ይሆን የሚለው ጉጉት ከፍርሃቱ በልጦባቸው ነበር።

የፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። የልጅ ልጃቸውን ከአልጋ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ አዞራቸው፤ ደግነቱ ገና አላነሷትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃኗን አላቀፏትም። «እጄ ቆሽሿል»፣ «ጉንፋን ይዞኛል» እያሉ ሰበብ ይደረድራሉ። ልጃቸው ቅር አላት፤ «እማዬ ልጄን አልወደደቻትም» ብላ ለባሏ ነግራዋለች።

በኋላ ግን ግድግዳ ይዘው ሲቆሙ አይታ ደነገጠች፤ ሕፃኗን አዝላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ወጣቱ ሐኪም ፋይሉን ሲቀበል ሳቀ። «እናቴ፣ ሁሉም በሽተኛ እንደርስዎ ቢሆንልኝ!» ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለካ፤ ደማቸውን አስመረመረ፤ ጆሯቸውን አየ፤ ቀጥ ባለ መስመር አስኬዳቸው። ሁሉም ደህና ነው። ወደ ፋይሉ ተመለሰና «ይገርማል፤ ሁልጊዜ ቀና ወይም ጎንበስ ሲሉ፣ አለዚያም በቀኝ ጎን ሲገላበጡ ነው። ከአንድ ደቂቃም አያልፍም» አለ። ፋይሉን ለልጃቸው አስያዘና ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዙሮ ድንገት በጀርባቸው አስተኛቸው። ጣሪያው ዞረ።

«ይኸው!» አለ ሐኪሙ።

«ምን አዩ ዶክተር?» አሉ አልጋውን እንደጨበጡ።

«ዓይንዎ ይርገበገባል። ሚዛናችንን የሚጠብቁ ደቃቅ ጠጠሮች ጆሯችን ውስጥ አሉ፤ ያለ ቦታቸው ሲገቡ ነው እንዲህ የሚያዞሩት።»

«ያለ ቦታቸው ከገቡ ይመለሱ እንጂ!»

«እሱን ነው የምናደርገው» ብሎ ራሳቸውን ቀስ እያለ ወደ ግራ አዞረ፣ በጎናቸው አስተኛቸው፣ ከዚያ አስቀመጣቸው። «ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ እንደግመዋለን። ምላስዎ ከተሳሰረ፣ ፊትዎ ከተጣመመ ወይም እጅ እግርዎ ከሰነፈ ግን ያኔውኑ ይምጡ።»

ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ፋይሉን ገልጣ ታነባለች። ጣቷ ተራ ቁጥር 17 ላይ ቆሟል፦ «ሕፃኗን ላነሳ ስል። 15 ሰከንድ። ምክንያቱ እስኪታወቅ አላቅፋትም። እናቷ እንዳትሰማ፤ ገና አራስ ናት፣ ትደነግጣለች።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...» ስትል ዕንባ ቀደማት።

ተያይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። «እዚህ ተቀመጪ» አለች ልጃቸው፣ አግዳሚውን አሳይታ ሕፃኗን ከጀርባዋ እያወረደች።

«ዛሬ ይቅርብኝ ልጄ፣ እስኪ ደህና መሆኔን ልየው።»

«ተቀመጪ አልኩሽ! ተቀምጦ ማቀፍን ማን ከለከለ?»

ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ የራሷንም እጆች ከሥር አደረገች። እትዬ መዝገብ እቅፍ አደረጓት። ልጃቸውም እጆቿን ለመውሰድ አልቸኮለችም።