የጋሽ ይመር እርምጃዎች

"ትናንት እኮ ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ሄደዋል!"

ዛሬ ጠዋት ሃያት ደውላ አባቷ ማረፋቸውን ስትነግረኝ የመለስኩላት ይህን ነው። ቁጥሩን ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቀይ ልብም አስቀምጬበታለሁ። እንዲህ የሄደ ሰው በማግስቱ ይሞታል?

ስልኩን ዘጋችው።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ይመር እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የግማሻችንን ሱሪ ያሳጠሩ የወሎ ሰው ናቸው። በቅርቡ በካንሰር ምክንያት አንጀታቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ከሆስፒታል ሲወጡ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት እጃቸው ላይ አሰሩላቸው፤ ነርሷ መንቀሳቀሳቸውን ከሩቅ እንድታይ። ለነርሷ ጥሩ ነው። ነርሷ ዘመዳቸው አይደለችም።

እኛስ?

ሃያት በየቀኑ ቁጥሩን የስልክ ግሩፓችን ላይ ስትለጥፍ እኛ የጡንቻና የልብ ምልክት እንደረድራለን። "ማሻአላህ፣ ጀግናው!" ይህንን ጥየቃ አልነው። የታመመ ሳይጠይቅ የማያድር ሕዝብ ነን እያልን የምንኮራው እኛ፣ አውራ ጣታችንን ልከን ተቀመጥን።

ጋሽ ይመር በስልክ ሰላም ለሚላቸው ሁሉ "እግር ያለው ይምጣ" ይሉ ነበር። ቀልድ አደረግነው።

እኔ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ። እኔ ከምኖርበት ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ሃያ ደቂቃ ድራይቭ ማድረግ ነው። ሳላንኳኳ በሩን ከፈቱት።

"ማን ሞቶ ነው የመጣኸው?"

"ኧረ ጋሼ! ደህና እየተራመዱ ነው ሲባል..."

"ወዴት ነው የምራመደው?" ቁስሉ እንዳይነካ ሆዳቸው ላይ ትራስ ደግፈዋል። "ታች መኪና በቆመ ቁጥር የኛ ሰው መስሎኝ እነሳለሁ። መስኮቱ ድረስ። አይደለም። ሶፋዬ ላይ እመለሳለሁ። ይቺ ወሬኛ ሰዓት ደግሞ ትቆጥራለች።"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ትራሱን ጫን አድርገው። ሻዩን ሳልጨርስ ፈረቃ አለኝ ብዬ ወጣሁ። አልነበረኝም። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ "አየኋቸው። ደህና ናቸው። ይራመዳሉ።"

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልሄደም፤ እኔንም ጨምሮ። ምን ያስኬዳል? ደህና ናቸው ተብሏል።

ይህን መጻፍ ስጀምር ሰዓቱን ልሰድብ ነበር። ምን አጠፋ? ዕቃ ነው። ለምን እንደሚነሱ አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር።

አሁን ግሩፑን አየሁት። ለጀናዛው ሁሉም ፈረቃ አስቀይሯል። ፓርኪንግ እንዳይጠበን አራት አራት ሆነን እንሳፈር ተባብለናል። ለቀብር ሲሆን እንዴት እንደምናምር!

ጋሽ ይመር፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልል ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚሉት ነገር ነው፤ ወንበሩንም ሰጥተውኝ ነበር፣ ተነስቼ ሄድኩ።

ደህና ይሁኑ። አላህ ከእኛ የተሻለ ጎረቤት ይስጥዎ።