ማርያምን ያልኩበት ግብ

ይህን ከአፌ የማወጣው ዛሬ ገና ነው። እናቴ አታውቀውም፤ ባሌ አያውቀውም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ጎረቤቴን መቀየሜን አንድ በአንድ ስናዘዝ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልዬአት አልፋለሁ። «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ተይው» እንዳይሉኝ ፈርቼ ይመስለኛል። ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የፈራሁትም ያንን ደስታ ነው። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ለእናንተ ልናገር።

ከኃጢአቴ በፊት ኩራቴን ላስቀድም። ኩራቴ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ እሱን ካልነገርኳችሁ ደግሞ ለምን እንደዋሸሁ አይገባችሁም።

አሥረኛ ክፍል እያለን ነው። ቲቸር ደሳለኝ የሚባሉ የስፖርት መምህር ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውረው መጡ። አንድ ቀን ሴቶቹን ብቻ ሰብስበው፣ «ወንዶቹ ኳስ አላቸው፤ እናንተስ ምን አላችሁ?» አሉን። በሳምንቱ ጫፋቸው የቆለመመ የወይራ ዱላዎችና ከእንጨት የተጠረበች ድብልብል ሩር ይዘው መጡ። ገና ልንጫወት ነው! ወንዶች ጥርሳቸውን የሚያረግፉበትን የአባቶቻችንን ገና፣ እኛ ሴቶቹ በቡድንና በሕግ ልንጫወተው።

ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በሁለቱም ጫፍ ባሕር ዛፍ ተክለን ግብ ሠራን፤ በረኛ ቆመ። ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣም። ሩሯ የአጥቂ እግር ነክታ ከገባች ደግሞ ግቧ አትቆጠርም። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ።

ከተማው ሳቀብን። ቀሚሳችን ሥር ሱሪ ታጥቀን ስንሮጥ ባጃጆቹ ክላክስ ያደርጉብናል፤ ባለጋሪዎቹ ፈረሳቸውን ገትተው «እናንተ ልጆች፣ ባል አታገኙም!» ይሉናል። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ እኔና እናቴ ለትምህርቴ ስንል ከተማ ስንኖር እሳቸው ገጠር እርሻቸው ላይ ነበሩ። ለቅዳሜ ገበያ ጤፍ ጭነው ሲመጡ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር።

«ሴት ልጅ ገና ትጫወታለች አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

«እርስዎስ በልጅነትዎ ይጫወቱ አልነበረም?»

«እኔማ ወንድ ነኝ።»

ቆይተው ዱላዬን ከጥግ አነሡና በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ይሄ እንኳን ሩር ሊመታ ዝንብም አያባርር» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በእሳት አግለው የቆለመሙትን፣ በቅቤ ያሹትን ወይራ ይዘውልኝ መጡ። ያንን ዱላ ይዤ ሜዳ ስገባ የምሸነፍ አይመስለኝም ነበር።

አምበሏ እኔ ነበርኩ። በአካባቢው ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶችም የሴት ቡድን አቋቁመው ለዋንጫ መወዳደር ጀመርን። ጅጋዎችን በራሳቸው ሜዳ አሸነፍናቸው። ከፈረስ ቤት ልጆች ጋር የተጫወትንበት ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ እነሱ ግን ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የሚሮጡት። እየቀደሙን፣ እየደረስንባቸው፣ በአቻ ተለያየንና እርስ በርስ ተቃቅፈን አለቀስን። ደምበጫን ያሸነፍን ዕለት እነዚያ ሲሳለቁብን የነበሩት ባጃጆች ተሰልፈው ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤታችን በር አጀቡን። አሁንም ክላክስ ያደርጋሉ፤ ድምፁ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል። አንገታችንን ቀና አድርገን በመሀል መንገድ ሄድን። ያን ቀን የነበረኝን ኩራት በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

ያልቻልነው ቡሬዎችን ብቻ ነው። በሜዳችን፣ በሰዎቻችን ፊት አሸንፈውን ሄዱ። አምበላቸው ትርንጎ የቄስ ልጅ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ። በረኛቸው እናትነሽ ደግሞ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ሩሯን በየትም ብልክባት ቀድማ ቆማ ትጠብቃታለች። ጨዋታው ሲያልቅ፣ «እንዴት ነው የምታውቂው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ዓይኔን ከሩሯ ላይ አልነቅልም» አለችኝ። «ሌላ ጥበብ የለኝም።»

ለዋንጫው ከእነሱው ጋር ተገናኘን፤ በገና ማግስት፣ ቡሬ ላይ። መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ ነበርና አይሱዙ ላይ ቆመን እየዘፈንን ሄድን። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከሕዝቡ መሀል ቆመው አየኋቸው። ልጃቸውን ገና ስትጫወት ለማየት ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አቻ ነበርን። ሕዝቡ መስመሩን አልፎ ገብቷል፤ ከሌላ ከተማ የመጡት ዳኛ በሰው ተከልለዋል። ጓደኛዬ የሹመቤት ከቀኝ በኩል ሩሯን ላከችልኝ። በዱላዬ ልመታት ሰነዘርኩ፤ ሳትኳት። ሩሯ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን መታችኝ፤ ከዚያም አቅጣጫዋን ቀይራ እናትነሽ ከቆመችበት በተቃራኒው በኩል ገባች።

አጥንቴ የተሰነጠቀ መስሎኝ ጮኽኩ። ጓደኞቼ የደስታ ጩኸት መስሏቸው ላዬ ላይ ተረባረቡብኝ። እናትነሽ ብቻ እጇን አንሥታ ወደ ዳኛው ሮጠች።

«እግሯን ነክታለች! ዓይኔ እያየ እግሯን ነክታ ነው የገባችው!»

ዳኛው ሰውን እየገፉ ደረሱ። «አንቺ ልጅ፣ ነክታሻለች?» አሉኝ።

«አልነካችኝም» አልኩ።

የቡሬ ልጆች ተንጫጩ። ሕዝቡ መገፋፋት ጀመረ፤ ከተመልካቹም መሀል ዱላ የያዘው ብዙ ነበር። ያን ጊዜ ትርንጎ መጣች። ሁሉንም ዝም አሰኘችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ማርያምን በይ» አለችኝ። «ማርያምን ካልሽ ነገሩ አለቀ።»

ጊዜ ነበረኝ። ይህን እወቁልኝ፤ ሳላስብ አፌ አምልጦኝ አይደለም። አባቴን ፈልጌ አየኋቸው። «ባል አታገኙም» ያሉንን ባለጋሪዎች አሰብኩ። ተሸንፈን ስንገባ እንዴት እንደሚስቁብን አሰብኩ። ትርንጎን እንኳ አየኋት፤ ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ልታምነኝ ተዘጋጅታ ነበር የቆመችው። እኔም ያንን እምነቷን እያየሁ፣ «ማርያምን አልነካችኝም» አልኩ።

ትርንጎ ወደ ልጆቿ ዞረች። «ምላለች፤ ተዉ።»

ሌሎቹ ተዉ። እናትነሽ ግን አልተወችም። «አይቻለሁ እኮ! ትርንጎ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ትርንጎ ተቆጣች። «ግብ ስለገባብሽ ማርያምን ያለችን ልጅ ውሸታም ታደርጊያለሽ? ውሸታሟስ አንቺ!» አለቻት፤ በገዛ ከተማዋ ሕዝብ ፊት።

እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እጄን ብዘረጋ እናትነሽን እደርስባት ነበር። «ተያት፣ እውነቷን ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እግሬ ካልሲው ውስጥ እየነደደ፣ ነክታኝ እንደነበር ከማንም በላይ እያወቅሁ፣ አንዲት ልጅ እውነት ስለተናገረች ስትሰደብ ቆሜ አየሁ። መዋሸቱስ ይሁን፤ ይህንን ማየት እንዴት ቻልኩ?

ደግሞ በዚህም አላበቃሁም። በገና ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም መውጋት ልማድ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ልጆቹ ዘፈኑን ሲጀምሩ ግጥም አውጪዋ እኔ ነበርኩ።

የቡሬ በረኛ ዓይንሽን ምን ነካው፣
ያልነካኝን ሩር እግሬን ያስነካው?

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ቡሬዎቹም ሳቁ። «ነካ» የምትለዋን ቃል እንዴት እንዳገላበጥኳት ያዩ አንድ መሪጌታ፣ «ይህቺስ ቅኔ ቤት ብትገባ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ደረቴ ተነፋ። ግጥሟ ጥሩ ነበረች። ዛሬም ጥሩ ናት። ውሸቴን አሳምሬ ዜማ ሰጥቼ ለሰው አፍ አስረከብኩት፤ ከዚያ በኋላ ልመልሰው ብል እንኳ የምመልሰው አልነበረም።

አባቴ ትከሻዬን ጨብጠው «አኮራሽኝ» አሉኝ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ዋንጫውን ተሸክሜ፣ ሳላነክስ፣ ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። እያንዳንዱ እርምጃ ያመኛል፤ እያንዳንዱን እርምጃ ፈገግ እያልኩ ረገጥኩት። በማግስቱ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። እናቴ ስትደነግጥ፣ «ከመኪናው ስወርድ ወለም አለኝ» አልኳት። ቅጠል አሙቃ አሸችኝ። ለእሷም ዋሸሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሴቶች ገና በየትምህርት ቤቱ ተለመደ። እኔም ተምሬ የስፖርት መምህርት ሆንኩ፤ የራሴን ልጆች አሠለጥናለሁ፤ ጎበዞች ናቸው። ዳኛ ስሆን ግን ማንንም አላስምልም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ማርያምን ትበልና እናምናለን» ሲሉኝ፣ «እዚህ ሜዳ መሐላ የለም» እላለሁ። ሃይማኖተኛ ሆኜ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ለሥራ ቡሬ ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ረጅም ሴት ደጋግማ አየችኝ።

«ውባለም አይደለሽም? የገናዋ!»

እናትነሽ ናት። አገላብጣ ሳመችኝ። አግብታ ወልዳለች፤ ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ ለሱቋ ጨርቅ ልትገዛ ነው ወደ ፍኖተ ሰላም የምትሄደው። ልጆች ስለማሠልጠኔ ስነግራት ከልቧ ደስ አላት። ከዚያ ራሷ አነሣችው፤ እየሳቀች።

«ያቺ ግጥምሽ ስንት ዓመት አሳደደችኝ መሰለሽ! ውኃ ልቀዳ ስወጣ የሰፈር ልጆች ከኋላዬ ይዘፍኗታል። በኋላ አባቴ ጨነቃቸውና ሆስፒታል ወስደው ዓይኔን አስመረመሩኝ።»

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ምንም የለባትም አሏቸው። እኔ ግን አላመንኳቸውም። አንቺ ማርያምን ብለሻል፤ ማርያምን ብሎ የሚዋሽ ደግሞ የለም። እንግዲህ የዋሸኝ የራሴ ዓይን ነው ብዬ ጨዋታውን ተውኩት።» ወደ መስኮቱ ዞር አለች። «ያን ጊዜ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ አይገርምም? አሁንም አንድ ነገር ሳይ አጠገቤ ያለውን ሰው ‘አንተም አየኸው?’ ሳልል አላምንም። ለመሆኑ ያኔ ቅር ብሎሽ ነበር? በሰው ፊት ውሸታም አደረግሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ ምን ችግር አለው፤ ልጆች ነበርን» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ አልኩ። መናኸሪያው ስንደርስ ተሳሳምን፤ ባጃጅ ይዛ ሄደች። አፌን የያዘው ፍርሃት ቢሆን ለራሴ አዝን ነበር። የያዘኝ ኩራቴ ነው። ያ ዋንጫ፣ ያ አጀብ፣ የአባቴ «አኮራሽኝ» ከእጄ እንዳይወጣብኝ ሳሳሁ። ለእነዚህ ስል የሰው ዓይን ወስጄ ኖሬያለሁ።

ጅጋንና ደምበጫን ያሸነፍነው በላባችን ነው፤ ከፈረስ ቤቶች ጋር የተላቀስነው እውነት ነው፤ ጓደኞቼ አንዳቸውም አልዋሹም። ስለ እነሱ እስክሞት እኮራለሁ፤ ይህን ማንም ንስሐ ግቢበት አይበለኝ። የመጨረሻዋ ግብ ግን የእኔ ናት፤ ብቻዬን ነው ያስገባኋት፤ ብቻዬን ነው የማልኩባት።

ይቅርታን ከእናንተ አልለምንም፤ የምትሰጡት የእናንተ አይደለም። ቡሬ ወርጄ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ቆሜ፣ ባሏና ልጆቿ እየሰሙ፣ «በደንብ ነው ያየሽው» እላታለሁ። ትርንጎንም አፈላልጌ እነግራታለሁ። አባቴ አርጅተዋል፤ ለእሳቸውም እነግራቸዋለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ የእሳቸው ነው። እናትነሽ ብትሰድበኝ እሰማለሁ፤ ከሱቄ ውጪልኝ ብትለኝ እወጣለሁ።

ልጅ ነበርኩ ግን አልልም። እናትነሽም ልጅ ነበረች፤ እሷ ያየችውን ተናገረች።