ምላስ የማይነክስ ሳሙና

ጎረቤቴ ለሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ሴት ናት። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ የምድጃውን አመድ በጆንያ እየቋጠረ ስለሚሰጣት «አመዴ» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። መጀመሪያ ትኮሳተር ነበር። ኋላ ግን በር አንኳኩታ «ማነው?» ሲሏት ራሷ «አመዴ ነኝ» ማለት ጀመረች። ቤቷን ከቤቴ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እኔ መምህሩ ወዲህ ሳነብ እሷ ወዲያ ስታሽ፣ የልብሱ ድምፅ ከሐሳቤ ጋር ተላምዶ ኖሯል። አንድ ቀን ዝም ሲል ማንበብ ያቅተኛል።

ሳሙናዋን ራሷ መሥራት የጀመረችው የሱቁ የሳሙና ዱቄት ጣቶቿን ሰነጣጥቆ ስላስመረራት ነው። በዚያ ላይ እጣቢዋ በግቢው ቦይ ወርዶ ከታች ያለውን የጎመን መደብ በነጭ አረፋ ይሸፍነው ነበር። ጎመኑ ቢጫ እየሆነ ደረቀ፤ በቦዩ ዳር የነበሩት እንቁራሪቶችም ድምፃቸው ጠፋ። አሁን ጎመኑ አገግሟል። እንቁራሪቶቹም ተመልሰው እንቅልፍ ይነሱኛል። ስነጫነጭባቸው «ይቅርታ ጋሼ፣ ወደ ዱቄቱ ልመለስልዎ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

አሠራሩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አመዱን ከሥሩ በተበሳ ባልዲ ጠቅጥቃ የዝናብ ውሃ ታፈስበታለች፤ ከሥር ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ያ ውሃ እንቁላል ካንሳፈፈ ደርሷል ማለት ነው። ከምግብ ቤት የለመነችውን የተጠበሰበት ዘይት አጥልላ ከእሱ ጋር እያማሰለች ታፈላዋለች፤ ጨው ትጨምርበታለች፤ ሲወፍር ትሪ ላይ ገልብጣ ትቆራርጠዋለች። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። ሳሙናው መደርደሪያ ላይ በደንብ ካላረፈ የአመዱ ውሃ ኃይል ከውስጡ አይወጣም፤ ቆዳ ያቃጥላል። ማረፉን የምታውቀው በምላሷ ነው። ጫፏን ታስነካዋለች። ከነከሳት ጥሬ ነው፤ ካልነከሳት ደርሷል፤ ታጥብበታለች፣ የተረፈውንም ትሸጠዋለች።

አንዱን ትሪ ከሌላው የምትለይበትም የራሷ ዘዴ አላት። ከምታጥበው ልብስ ተበጥሰው ባለቤት የሚያጡ የልብስ ቁልፎችን በጠርሙስ ታጠራቅማለች። ሳሙናው ሳይጠነክር አንዱን ቁልፍ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ተጭና ምልክት ታሳርፍበታለች፤ ከዚያ ቁልፉን ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሁለተኛ አትነካውም። ለአንድ ትሪ አንድ ቁልፍ።

አንድ ጠዋት በሬን በመዳፏ ደበደበችው።

«ጋሼ! ይክፈቱልኝ!»

ስከፍት መዳፏን ዘረጋችልኝ። ሁለት ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፎች።

«ይሄ የማነው?»

«የእኔ ኮት ነው።»

«ይሄስ?»

«እሱም የእኔ ኮት ነው። ምነው?»

ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። «ጉድ ሆንኩ! እኔ ከንቱ፣ አንድ ኮት ብዙ ቁልፍ እንዳለው ረሳሁ!»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ከኮቴ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፤ በእሱ አንዱን ትሪ አተመችበት። ቆየት ብሎ ሌላው ተበጠሰ። እሱም ገና ካልተጠቀመችባቸው ቁልፎች ጋር ጠርሙስ ገባ፤ በቅርቡ ያፈሰሰችውንም ትሪ ሳታውቅ በእሱ አተመችው። በመካከሉ ጣሪያዋ ስላፈሰሰ ትሪዎቹን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ መልሳ ሰቅላ፣ አዘበራርቃቸዋለች። ያረፈውና ጥሬው አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ተቀላቅለዋል። ይህን ሁሉ ያወቀችው ዛሬ ለአዲስ ትሪ ቁልፍ ስትመርጥ፣ በተጠቀመችባቸው ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱን መንታ ቁልፎች ጎን ለጎን ስታይ ነው።

«እና አንቺ፣ ልብሱ እንደሆነ አይሞት፤ ምን ያስደነግጥሻል?»

«ትላንት ለምራቴ ላክሁላት እኮ! ለሕፃኗ!»

ይሄኔ እኔም ደነገጥኩ። የልጇ ሚስት ስትወልድ ጀምሮ «የልጄን ልብስ በአመድ? በቁሜ እያለሁ!» ስትል ነው የኖረችው። ሽታ ያለው የሱቅ ሳሙና የጨቅላዋን አንገት ሽፍ ሲያደርገው ግን በስተመጨረሻ «እማዬ፣ እስቲ ያንን ሳሙናሽን ላኪልኝ» ብላ ደወለች። አመዴ በደስታ የምትሆነውን አጥታ ነበር።

«ሳትቀምሺ ላክሽው?»

«መልእክተኛው ደጅ ላይ የሞተሩን ጥሩንባ ሲያንባርቅብኝ፣ የቁልፉን ምልክት አየሁና ሰጠሁት።»

ደወለች። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ሕፃኗ ስትተኛ ምራቷ የስልኩን ድምፅ እንደምታጠፋ ታውቃለች፤ ብታውቅም ግን መደወሏን አልተወችም። እኔም ኮቴን ለበስኩ። ፊቱ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል።

አውቶቡስ ውስጥ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ጭኗ ላይ የሌለ ልብስ ያሻል። «ጥሬው ቢሆንስ? ቆዳዋ እንደ ወረቀት ነው እኮ።»

«እዚያ ስንደርስ ምላስሽን ታስነኪዋለሽ፤ ይለይለታል» አልኳት።

«ጥሬው ከሆነ ምራቴ ሁለተኛ ልጅቷን አታሳቅፈኝም።»

ሰው እርግጠኛ በሆነበት ነገር ሲሳሳት፣ ስህተቱ ከነገሩ አልፎ እርግጠኝነቱን ራሱን ይበላዋል። እያንዳንዱ ፌርማታ አንድ ዓመት ሆነብኝ።

ምራቷ በሩን ስትከፍት ፈካ አለች። «እማዬ! መምህርንም ይዘሽ መጣሽ? ሳሙናሽ እንዴት ያለ ነው! ልብሱን ሁሉ አጥቤ ጨረስኩ።»

ግቢው ውስጥ ገመዱ ሞልቷል፤ ትንንሽ ሸሚዞች፣ መጠቅለያዎች፣ ከአውራ ጣት ያልበለጡ ካልሲዎች። አመዴ «ደርቆ እንደሆነ ልይ» ብላ ወደ ገመዱ ሄደች። ዞር ብላ ያላየናት መስሏት አንዱን መጠቅለያ ላሰችው። ቀጥሎ ገንዳው አጠገብ ያለውን ቁራጭ አንስታ ምላሷን አስነካችው። ትከሻዋ ወረደ። ወደ እኔ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«አልነከሰኝም» አለች በሹክሹክታ። «ያረፈው ነው። እሰይ!»

ለምራቷ ምንም ላለመንገር በዓይን ተስማማን። ሳሎን ገብተን ሻይ ቀረበልን። ከእሳት የወረደው አሁን ነው፤ ብርጭቆውን መያዝ አቅቶኝ መልሼ አስቀመጥኩት። አመዴ ጭንቀቷ ስለለቀቃት ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ፊቴን አየችው። «ምነው ጋሼ?»

«ይህን ፍም እንዴት ዋጥሽው?»

«ትኩስ ነው እንዴ?»

እሷ ብርጭቆውን ዓይኗ ሥር አምጥታ እንፋሎቱን አየችው። ጣቷን ምላሷ ላይ አድርጋ ጫን አለችው፤ ደግማም ጫን አለችው። ያን ሁሉ ዘመን ስንት ጥሬ ሳሙና እንደነከሳት አሰብኩ። ምላሷ መቼ እንደደነዘዘ፣ ስንቱንስ ትሪ በዚያ በድን ምላስ «ደርሷል» ብላ እንዳሳለፈችው ማን ያውቃል? ሚዛን ራሱ መሳቱን አይናገርም።

ዕቃ እንደወደቀበት ሰው ብድግ ብላ ወጣችና ሳሙናውን ይዛ ተመለሰች። እኔ ልቅመሰው ብዬ እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ።

«እርስዎ አይደሉም ጋሼ። እናቲቱ ትቅመሰው።» ወደ ምራቷ ዞረች። «ልጄ፣ ምላስሽን አስነኪው። ጥሬ ልኬብሽ እንደሆነ አላወቅሁም።»

ምራቷ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችንና ቀመሰችው። ወዲያው «እትፍ!» አለች። «ያቃጥላል!»

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። ሕፃኗ መኝታ ቤት በታጠበው መጠቅለያ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። ሲፈቷት አገጯ ሥር ያለው እጥፋት ቀልቷል። የድሮው ሽፍታ ይሁን የዛሬው ማንም መለየት አልቻለም። ለብ ባለ ውሃ አጠቧት፤ በጩኸቷ ቤቱን አናወጠችው። ማዶ ያለችው ነርስ ተጠርታ መጣችና አገላብጣ አየቻት። «አልቆሰለም። ልብሱን በብዙ ውሃ አለቅልቁት። መቅላቱ እስከ ማታ ካልለቀቀ ግን አምጧት» አለችን።

«እስከ ማታ» የሚለው ቃል ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ከቧንቧው ውሃ አመላለስኩ፤ አመዴ ኃይሉን እንዲሰብር ኮምጣጤ ጠብ እያደረገች አለቀለቀች። ምራቷ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ገመዱ ጋ መጠቅለያውን ስትልሺ አይቼሽ ነበር» አለቻት። «ካልነከሰሽ ዝም ብለሽ ልትሄጂ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ» አለች አመዴ ቀና ሳትል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ምራቷ ሕፃኗን ወደ ብርሃኑ አምጥታ አገጯን ቀና አደረገችው። ሦስታችንም አጎነበስን። ቀለል ያለ መሰለኝ፤ ምኞቴ ይሁን ዓይኔ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

«እየለቀቀ ነው» አለች እናቲቱ። ሕፃኗን ግን አላሳቀፈቻትም። ሳሙናውን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። «ይረፍ። ማረፉን እኔ ነኝ የምቀምሰው። የሚሸጠውንም ቢሆን ሳልቀምሰው እንዳታወጪው።»

አመዴ በአውቶቡስ ያንን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ፤ ቁጣ ይሁን ምሕረት እንድፈርድላት። አልፈረድኩም።

ዛሬ ከየትሪው አንድ ቁራጭ ከተማውን አቋርጦ ወደ ምራቷ ይሄዳል፤ ቃል እስኪመለስ ሌላው ከመደርደሪያ አይወርድም። ኮቴን ደግሞ ወስዳ የቀሩትን ጥቁር ቁልፎች ቆርጣ፣ አንዱ ሌላውን በማይመስል አራት ቁልፍ ሰፍታ መለሰችልኝ። ዳቦ ጋጋሪው «መምህር፣ ቁልፉን ከየቤቱ ለምነው ነው?» ይለኛል።

ቤቴ ስትመጣ ሻይ እቀዳላታለሁ። ብርጭቆውን ይዛ ትቆያለች እንጂ አትጠጣም። መጀመሪያ የእኔን ከንፈር ታያለች።