ቺንጋው የወለቀ የስፌት መኪና

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው አዲስ ሱሪውን ማሳጠር ነበር። የግራውን እግር ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል። እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ሰፋው። በሳምንቱ አረፈ። በልጅነቱ የያዘው ፖሊዮ ግራ እግሩን አቅጥኖ፣ አሳጥሮ ነበር የተወው። ስለዚያ እግር ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሱቃችን በር ላይ የሆነው ነው።

ታደሰ እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሰው ሁሉ “ፉንዲ” የሚለው ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያ ሰሞን የፖሊዮ ጠብታ ቤት ለቤት ይሰጥ ነበር፤ የወሰደ ልጅ የትንሿ ጣቱ ጥፍር በቀለም ይቀባል።

አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ዳርሚ የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ።

“ፉንዲ፣ እስክሪብቶ አለህ?”

“መጻፍ መቼ ጀመሩ?”

“አንተ ምን አገባህ!”

የልጅቷን ትንሽ ጣት ግን አስቀድመው ይዘዋል። ገባን። ጥፍሯን ራሳቸው ቀብተው፣ ወስዳለች ብለው ከታቢዎቹን ሊሸኙ ነው።

“ደህና ልጅ ጠብታ ምን ያደርግላታል? ያንተን እግር እንደሆነ ጂኒ ነው የመታው። ሞቷል።”

“ሞቷል? እስቲ ይቆንጥጡት።”

አዴ ዳርሚ ማመንታት አያውቁም። ታደሰ “ኧረ በመድኃኔዓለም!” ብሎ ሲጮህ ደጃፉ ላይ የቆሙ ፍየሎች በረገጉ።

“ይሰማሃል እንዴ?”

“መስማትማ ይሰማኛል። አልታዘዝ አለኝ እንጂ።”

ከዚያ ታደሰ የፔዳሉን ኃይል ወደ መርፌው የሚያደርሰውን ቺንጋ ከስፌት መኪናው አወለቀና ፔዳሉን ይርገጡ አላቸው። ረገጡ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

“አዩ? ፔዳሉም መርፌውም ደህና ናቸው። የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ይገባል፣ ከአንጀት አልፎ አከርካሪ ውስጥ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል። ትእዛዙ እግር ጋ አይደርስም። ጡንቻውም ሥራ ሲፈታ ይከሳል።”

“ታዲያ ቺንጋውን አታስቀይረውም?”

“የኔማ መለዋወጫ ናይሮቢም የለም። ጠብታው የሚጠቅመው ሳይበጠስ ነው።”

አዴ ዳርሚ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት። ከታቢዎቹ ሲመጡ እሳቸው ራሳቸው ለጠብታው አቀረቧት። እስክሪብቶውን ግን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ባለፉ ቁጥር እግሩን ቆንጠጥ አድርገው “ፉንዲ፣ አለህ?” ይሉት ነበር።

ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ክንዴን ቆነጠጡኝ። “አለሽ?” አሉኝ። ድንኳኑ መሃል ሳቄ አመለጠኝ፤ አበደች ያለም አለ። እስከ ዛሬ አላፈርኩበትም።

አሁን ከታቢዎች ሲመጡ የስፌት መኪናውን ወደ በሩ አወጣለሁ፤ ቺንጋውን አወልቄ እናቶችን ፔዳል አስረግጣለሁ።