ጭልፊት ያየው ጥቅል

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጭልፊት» ነው የሚሉት። ሥራው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የካሜራዎቹን ምስል መከታተል ነው። ሰውን በጀርባው ይለያል ይባልለታል፤ እሱም ወሬውን አልጠላውም።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ብቅ አለና፣ «ከመጋዘን ጨርቅ እየጠፋ ነው። የጽዳቷን ሴትዮ ጠርጥረናል። የትናንት ከሰዓቱን እስቲ እይልኝ» አለው።

የጓሮ በሩ ካሜራ መስታወቱ አቧራ ስለጠጣ ሁሉን ነገር አመድ ያስመስላል። ሴትዮዋ ደረቷ ላይ አንድ ነገር አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች። ጭልፊት ወዲያው ለየው፤ የጨርቅ ጥቅል ነው። የተንጠለጠለ ጫፉ ሳይቀር ታየው። አየሁ ብሎ ፈረመ። ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ተሰናበተች፤ ምስሏም ለዘበኞች ማስጠንቀቂያ ተብሎ የጭልፊት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ከጊዜ በኋላ ሚስቱ የቤት ቁልፍ ልትቀበለው መጣች። እሷ የጎረቤት ሕፃናትን ቤቷ ውስጥ እየጠበቀች ነው የምትውለው። ቀና ስትል ምስሉን አየችው።

«ይቺ ምስኪን ሕፃን አቅፋ የት ትሄዳለች?»

«የምን ሕፃን? ጨርቅ እኮ ነው።»

«አንገቱን በእጇ ደግፋው የለ እንዴ?»

ሊስቅባት አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። የጨርቅ ጫፍ ነው ያለው ነገር የሕፃን እግር ሆኖ ቁጭ አለ። ወደ ጨርቅ ልመልሰው ቢል እምቢ አለው። ምስሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሮው የሰማው ብቻ ነበር።

አጠያይቆ የሴትዮዋን ቤት አገኘ። ደጃፏ ላይ ልብስ እየጨመቀች ነበር፤ ግባም አላለችው።

«እትዬ፣ ያን ቀን አቅፈው የወጡት ሕፃን ነበር?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን ከየት አመጣለሁ? የጸሐፊዋ ቢሮ መጋረጃ ነው። ቤት ወስደሽ እጠቢልኝ ብላ ሰጠችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናገርኩ እንጂ ልጄ። በዓይን ታይቷል አሉኝ። ጸሐፊዋ በማግስቱ ለወሊድ ወጣች፤ ማን ይጠይቅልኝ? አጥቤ ይዤው ብሄድም ዘበኛው ከበር መለሰኝ።»

ጭልፊት የሰማውን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ።

«መጀመሪያ ጨርቅ አልክ፣ ቀጥሎ ሕፃን፣ አሁን ደግሞ መጋረጃ» አለው አለቃው። «የቱን ዓይንህን ልመን?»

«ዓይኔን ይተዉት። ጸሐፊዋ ጋ ይደውሉ።»

ተደወለ። ጸሐፊዋ መጋረጃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ አለች። ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጭልፊትን መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላምታ አትነፍገውም፤ ጨዋታ ግን የለም። እሱም አይፈርድባትም።

አሁን ሥራ አስኪያጁ «ያንን ሰውዬ እስቲ እይልኝ» ብሎ ሲጀምር፣ «ማን እንደሆነ አይንገሩኝ፤ ሰዓቱን ብቻ» ይለዋል። አንዳንዴም ደጋግሞ አይቶ ሲያበቃ «ምን እንደያዘ አይለይም» ብሎ ይጽፋል። አለቃው ይህ መልስ አይጥመውም፤ ያጉረመርማል። ቢሆንም በዚያ ወረቀት ሰው ማባረር አልቻለም።